«ጉርድ ነው ሙሉ?»

ፎቶ ቤት ገብቶ ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ ሰው የለም። ባለሙያው መብራቱን እያስተካከለ፣ ፊቱን እንኳ ወደ እኛ ሳያዞር «ጉርድ ነው ሙሉ?» ይላል። ጉርዱ ከደረት በላይ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ማመልከቻ የምንነሣው። ሙሉው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ነው፤ ለበዓል፣ ለምርቃት፣ ለሠርግ። ለአብዛኞቻችን መልሱ የጉዳይና የዋጋ ነገር ነው። እግሩ ላበጠ ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነው። እግሬ ይታይ ወይስ ይቅር ብሎ በሰው ፊት መወሰን ማለት ነው።

እግሩ ያበጠ ሰው ስል በተለምዶ «ዝሆኔ» የምንለውን፣ በሕክምናው ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን በሽታ ይዞት የሚኖረውን ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ተወልደን ላደግን ሰዎች ነገሩ ሩቅ ይመስላል። የእናቴ ወገኖች ግን የአዊ ሰዎች ናቸው፤ ግምጃ ቤት። እዚያ ሩቅ አይደለም።

ግምጃ ቤት ከእንጅባራ ብዙም የማትርቅ ደጋማ ከተማ ናት። ስሟ የከበረ ጨርቅና ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ማለት ነው። ክረምቷ ረጅም ነው፤ ዝናቡ ከጀመረ መንገዱም እርሻውም አንድ ቀይ ጭቃ ይሆናል። ድንቹንና ገብሱን የሚያበቅለው፣ የፈረሱን ሣር የሚያለመልመው፣ ዲከረንሱን በጥቂት ዓመት ለከሰል የሚያደርሰው ይኸው አፈር ነው። ለባዶ እግር ግን ክፉ ነው።

ፖዶኮኒዮሲስ በትንኝ አይመጣም፤ በትልም በተሕዋስያንም አይመጣም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ይገባሉ፤ በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ። ቧንቧዎቹ ሲጎዱ ፈሳሹ መውጫ ያጣል፣ እግር ያብጣል። በሽታው የሚገኘው ከፍታ ባለው፣ ብዙ ዝናብ በሚያገኝ፣ እሳተ ገሞራ ባለፈበት ምድር ነው። ዘንገናን ያየ ሰው አዊ ሦስቱንም እንደሚያሟላ ይገባዋል፤ ሐይቁ የተኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ነውና። አፈሩን ከእግሩ ጋር አያይዞ ያስረዳው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ ምርምሩን ያካሄደውም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ በተደረገው የካርታ ጥናት ከተመረመሩት አዋቂዎች 4 በመቶ ያህሉ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ በመነሣት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ከዚህ እግር ጋር እንደሚኖሩ ተገምቷል፤ በሽታው የሚገኝባቸው ወረዳዎችም 345 ናቸው። ከአንድ ከተማ ሕዝብ የሚበልጥ ሰው ማለት ነው። ታዲያ ከእነዚህ ሰዎች የስንቱን ፎቶ በመጽሔት ሽፋን፣ በባንክ ካላንደር፣ በቴሌኮም ማስታወቂያ ላይ አይተናል?

ሰው የሚሸሻቸው ስለማያውቅ ነው ይባላል፤ ነገሩ ከዚያም ይወሳሰባል። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ሲታመም ጎረቤት «ይተላለፋል» ይላል። አይተላለፍም። ሌላው «ዘሩ የተረገመ ነው» ይላል፤ «መተት ረግጣ ነው» የሚልም አይጠፋም። ከአፈሩ የሚጎዳ ተፈጥሮ ይዘው የሚወለዱ ሰዎች እንዳሉ ግን እውነት ነው፤ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ያወጡት ጥናት ይህን ተጋላጭነት ከሰውነት መከላከያ ጂኖች ጋር አገናኝቶታል። እዚህ ላይ ነው ክፋቱ። ሐሜቱ ከእውነቱ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ለማስተባበል አይመችም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት «በቤቱ እግሩ ያበጠ አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ እግሯ እንደ ብርሌ የጠራ ልጅም አብራ ትቀራለች። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ብቻውን ያን ተፈጥሮ የያዘውን ልጅ ሊጠብቀው እንደሚችል የሚጠይቅ የለም።

የታመመውም ቢሆን ይታከማል። ሕክምናው ቢላዋም ውድ መድኃኒትም አይደለም። በየቀኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ በልኩ በተበረዘ በረኪና መዘፍዘፍ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት ይህ ቀላል እንክብካቤ ሕሙማኑን ለቀናት አልጋ ላይ የሚጥለውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጫማ ከገባ፣ ሰውየው ገበያ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል።

የተገለበጠው ጉርድ

እኔ በማርኬቲንግ ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝ። ቀኔ የሚያልቀው ፎቶ በመምረጥ፣ በመቁረጥና ጽሑፍ በመጫን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የትኛው ፊት ገዢን እንደሚያቆም፣ የትኛው ፈገግታ የውሸት እንደሚመስል ይነገረኛል፣ እነግራለሁም። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስገባ ወረፋዬን እየጠበቅሁ ግድግዳ አነባለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ስለ ዝሆኔ በሚያስተምሩ ፖስተሮች፣ በራሪ ወረቀቶችና የርዳታ ጥሪዎች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። ከጉልበት በታች። እግር፣ ቁስል፣ ጭቃ። ፊት የለም፣ ስም የለም፣ ቤት የለም። የፎቶ ቤቱን ጉርድ ገልብጠው የቆረጡት ይመስላል፤ ሰውየውን ጥለው በሽታውን አስቀሩት።

ቆራጩ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የማቀርበው እሱኑ ነው። አንደኛው፣ «ማንነቱን ለመጠበቅ» ነው። ሁለተኛው፣ ሐኪሙም ገበሬውም ምልክቱን ለይቶ እንዲያውቅ ነው። የሁለተኛውን አልከራከርም፤ ለሕክምና ትምህርት እግሩ መታየት አለበት። የመጀመሪያው ግን ለትልቅ ከተማ የተሰፋ ልብስ ነው። እንደ ግምጃ ቤት ባለ ከተማ ሰው በአረማመዱ ከሩቅ ይታወቃል፣ በቀሚሱ ጠርዝ ይታወቃል። እግሩን ያየ ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። ፊቱን መቁረጥ ባለቤቱን አልደበቀውም፤ የተቆረጠው ዓይኑን አይተን «ደኅና ዋሉ» የምንልበት ዕድል ነው።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ስልክ ይዘው ፎቶ ለሚያነሡ ሁሉ ይጠቅማል። የስልካችን ካሜራ ሰፊ ሌንስ ነው። ሰፊ ሌንስ ቅርብ ያለውን ነገር ያገዝፋል፣ ራቅ ያለውን ያሳንሳል። ፊታችንን ከቅርብ ስናነሣ አፍንጫችን ድንች የሚያህለው ለዚህ ነው። ስልኩን ወደ እግር አስጠግተው ሲያነሡ እግሩ ከእውነተኛ መጠኑ በላይ ይሆናል፣ ከበላዩ ያለው ሰውም ያንሳል። ያነሣው ሰው ዋሽቶ አይደለም፣ የቆመበት ቦታ ነው የዋሸው። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቢል፣ በርከክ ብሎም ካሜራውን ከባለፎቶው ዓይን ጋር ቢያስተካክል ሌላ ሰው ነበር የምናየው።

ፎቶ በአገራችን ሲጀምር የክብር ነገር ነበር። በድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ አገራችን መጥቶ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም በተራቸው ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ሠርተዋል። ፎቶ የሚነሣ ሰው ይቀመጣል፣ ካባውን ያስተካክላል፣ ካሜራውን ፊት ለፊት ያያል። ይህ ወግ ከቤተ መንግሥት ወርዶ በየክፍለ ሀገሩ ፎቶ ቤት ገባ፤ የተውሶ ኮትና ከረባት፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ። እንስቃለን እንጂ ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሰውየው እንዴት መታየት እንደሚፈልግ መጀመሪያ ይጠየቃል።

ከዚያ 1977 ዓ.ም. መጣ። በጥቅምት ወር ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ተላልፎ ዓለምን አስለቀሰ፣ እህልም አመጣ። ይህን ውለታ መካድ አይገባም። ከዚያ ወዲያ ግን ባሕር ማዶ «ኢትዮጵያዊ» ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ምስል ሆነ፤ ስም የሌለው፣ የሚሞት ሰው። ከእነዚያ ፊቶች አንዱ የብርሃን ወልዱ ነበር። ያኔ ሕፃን ናት፤ የካናዳ ቴሌቪዥን ሲቀርጻት ነርሷ ከደቂቃዎች በላይ አትኖርም ብላ ነበር። ምስሏ እ.ኤ.አ. በ1985 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ታየ። ብርሃን ግን አልሞተችም። ተማረች፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ለንደን ላይ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይት መድረክ ቆማ ሕዝቡን በራሷ ቋንቋ ሰላም አለች። የዚያ ሕፃን ፎቶ ባለቤት ስም እንዳላት ዓለም ያወቀው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከአገር ወጣች። የመንና ቆጵሮስ ኖራለች፤ ካናዳ የደረሰችው በዚያው በ1985 ነው። በነጮች ትምህርት ቤት ያለች ኢትዮጵያዊት ልጅ በዚያ ዓመት ከክፍል ጓደኞቿ ምን ዓይነት ጥያቄ ሊገጥማት እንደሚችል መገመት አያቅትም። አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጠናች፣ በዋሽንግተን ፖስት ፎቶ ጋዜጠኝነት ሠራች፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አገሯ ተመለሰች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። ፌስቲቫሉ አፍሪካውያን ፎቶ አንሺዎች የራሳቸውን ሰው ራሳቸው አንሥተው የሚያሳዩበት መድረክ ነው። የእሷን ሥራ ያየ ሰው አይረሳውም፤ በነጭና በሰማያዊ የተቀቡ ፊቶች፣ ደማቅ ቀይና ቢጫ ልብስ፣ ካሜራውን ቀጥ ብሎ የሚያይ ዓይን። በእሷ ፎቶ ውስጥ የሚለምን ሰው የለም። አንዳንዱ ተመልካች «ይህ እኮ ፋሽን ነው» ይላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ፤ ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም መዋብ መብቱ ነው።

ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ጀመርንበት ጉዳይ መጣች። ኤንድ ፈንድ ከተባለው፣ ትኩረት በተነፈጉ የሐሩር በሽታዎች ላይ ከሚሠራው ድርጅት ጋር ሆና ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የተሰባሰቡ ፎቶ አንሺዎች የተሳተፉበትን «ሪፍሬሚንግ ኔግሌክት» የተሰኘ ዐውደ ርእይ አዘጋጀች። ርእሱን በእኛ አነጋገር ብንመልሰው «ቸል የተባለውን በሌላ ክፈፍ ማየት» እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ ከጉልበት በታች የሚቆርጠውን ልማድ ትቶ ከበሽታዎቹ ጋር የሚኖሩትን ሰዎች በክብር ማሳየት ነበር።

ይህ የእኛ ችግር ብቻም አይደለም። ሪክ ጊዶቲ ኒው ዮርክ ውስጥ የታወቁ የውበት ዕቃ ኩባንያዎች ፎቶ አንሺ ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አልቢኒዝም ያለባት ቆንጆ ልጅ አየ። ስለ ሁኔታው ለማወቅ የሕክምና መጻሕፍት ሲያገላብጥ ያገኘው ግን ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ፣ ዓይናቸው በጥቁር መስመር የተሸፈነ ሰዎች ፎቶ ነበር። ስለዚህ አልቢኒዝም ያለባቸውን ወጣቶች እንደ ማንኛዋም ሞዴል በሙሉ መብራት፣ በሙሉ ሜካፕ አነሣቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ላይፍ መጽሔት ሥራውን አወጣው፣ ጊዶቲም የፋሽን ሥራውን ትቶ በዚሁ መንገድ ቀጠለ። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ሣራ ዋይስዋ በኪቤራ መንደር አልቢኒዝም ያለባትን ወጣት ተከታታይ ፎቶ አንሥታ እ.ኤ.አ. በ2016 አርል ላይ ተሸላሚ ሆናለች። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። ከባርነት ያመለጠው ይህ ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ በፎቶ ብዛት ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ እስካሁን ወደ 160 የሚጠጉ ተለይተዋል። ጋዜጦች ጥቁርን ሰው እያሳቁ በሚሥሉበት ዘመን እሱ ኮቱን ቆልፎ፣ ሳይስቅ፣ ቆፍጠን ብሎ ይነሣ ነበር። በዛሬው ሙያዬ ቋንቋ ብናገር የራሱን ብራንድ በራሱ እጅ የያዘ ሰው ነው።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ

አክስቴ እግሯ ያበጠው እኔ ሳልወለድ ነው። በቤታችን አልበም ውስጥ ብዙ ቦታ አለች፤ ግን ሁልጊዜ ወይ ከልጆች ኋላ ናት፣ ወይ ተቀምጣ ቀሚሷን እስከ መሬት ዘርግታለች። በእናቴ ሠርግ ፎቶ ላይ የምትታየው ግማሽ ነጠላዋ ነው። ይህን ያስተዋልኩት ሥራ ይዤ ፎቶ መቁረጥ ከተማርኩ በኋላ ነው፤ ማን እንደ ቆረጣት ግን ልብ ስል፣ ማንም አልቆረጣትም። ራሷ ነበረች ወደ ጠርዝ የምትሄደው፤ እኛም ዝም ብለን ቦታውን እንለቅላት ነበር።

ጤና ጣቢያ እጥበቱን አስተምረዋት ሁለት ዓመት ያህል ሳታቋርጥ ይዛዋለች። ጠዋት ማታ ውኃ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ። እግሯ እንደ ሌላው ሰው እግር አልሆነም፤ ግን ቀለል ብሏል፣ ለልኳ የተሠራ ሰፊ ጫማ ይገባል። ባለፈው ጥምቀት ግምጃ ቤት ስሄድ ጥበብ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀችኝ።

«ፎቶ ቤት ውሰጂኝ» አለችኝ።

«እኔ በስልኬ ላንሣሽ አክስቴ፤ የእኔ ይበልጣል።»

«የስልክ ፎቶ ስልክ ውስጥ ይቀራል። እኔ የሚሰቀል ነው የምፈልግ።»

ፎቶ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከኋላ የእንጅባራ የፈረስ ጉግስ በዓል ትልቅ ፎቶ እንደ መጋረጃ ተዘርግቷል። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ስለሚከበር ያን ሰሞን ሰው ሁሉ በፈረስ ፊት መነሣት ይወዳል። ልጁ ጥያቄውን ጠየቀ። «ሙሉ» አለች። ልጁ እግሯን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጣም በትሕትና፣ «እማማ፣ ግድ የለም፤ እግሩን በኮምፒውተር አስተካክለዋለሁ» አላት። እኔ ደነገጥኩ፤ እሷ አልደነገጠችም።

«ሁለት ዓመት ያጠብኩት እኔ፤ አንተ ምኑን ታስተካክላለህ?»

ልጁም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፤ ፎቶው ላይ ያለው ያ ሳቅ ነው። ቀጥ ብላ ቆማለች። አንድ እጇ ነጠላዋን ይዟል፣ ጫማዋ ይታያል። በሙያዬ ብዙ ውድ ፎቶ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ዓይኔን ያቆመው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ታሪክ ነበር። አላበቃም። ፎቶው ታጥቦ፣ በክፈፍ ሆኖ ቤት ሲገባ ልጇ ዝም አለች። ማታ ለብቻችን ስንሆን ነገረችኝ፤ በቅርቡ ሽማግሌ ይላካል ተብሎ ይጠበቃል። ሽማግሌዎቹ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ግድግዳው ነው። «እናቴን አፍሬባት አይደለም» አለች። «እነሱ እሷን ሳይሆን እኔን ነው በእሷ የሚያዩኝ።» ምን ትመልሱላታላችሁ? እኔ መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ሐሜቱን አልፈጠረችውም፤ ዋጋውን ግን የምትከፍለው እሷ ናት። አክስቴ ሰምታ ነው መሰል በማግሥቱ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ በነጠላ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። «ከጋብቻው በኋላ ይሰቀላል» አለች፤ ሌላ ንግግር አልነበረም። ይህን ስጽፍ ፎቶው አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ለዚህ ነው «አንድ ፎቶ አመለካከትን ይቀይራል» የሚለውን አባባል የማልወደው። አመለካከቱ የጋብቻ ዋጋ ካለው፣ ፎቶ ብቻውን አይችለውም። ጫማ ያስፈልጋል፣ ጤና ጣቢያው ሳሙናና ፋሻ ሊኖረው ይገባል፣ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄደው ሰው በሽታው እንደማይተላለፍ ማወቅ አለበት። ፎቶው የሚችለው ሌላ ነገር ነው፤ አክስቴን ከጠርዝ ወደ መሐል አምጥቷታል። ይህን ደግሞ ፋሻ አይሠራውም።

የእናንተ አልበም

አሁን ወደ ቤታችሁ ልምጣ። ይህን መጽሔት የሚያነብ ቤተሰብ በያመቱ ሁለት ሦስት ሠርግ ይጠራል፣ ምርቃት ይደግሳል፣ ለዘመን መለወጫ ተሰብስቦ ይነሣል። እስኪ አልበሙን አውጡና ጠርዙን ተመልከቱ። እግሯ ያበጠ ላትሆን ትችላለች፤ ዊልቸር ላይ ያለ አጎት፣ ፊቷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባት እህት፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ፣ ለምጽ የወጣባት አክስት ሊሆኑ ይችላሉ። ማን ሁልጊዜ ግማሽ ነው? ማን ነው ካሜራው በወጣ ቁጥር «እኔ ላንሣችሁ» የሚለው?

ለሠርግ ፎቶ አንሺ ገንዘብ የምትከፍሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። ጎበዝ ባለሙያ እንኳ ካልተነገረው «ለፎቶው ውበት» ብሎ ሰውን ወደ ዳር ይገፋል፤ ክፋት አይደለም፣ የተማረው እንደዚያ ነው። ሁሉም ቆሞ አንድ ሰው የሚቀመጥ ከሆነ ሌሎችም ወንበር ይቅረብላቸው። ካሜራው ከተቀመጠው ሰው ዓይን ከፍ አይበል። ጠባሳን ወይም እግርን በኮምፒውተር ከማጥፋቱ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ፤ «አጥፋው» ካለም ይጥፋ። መጠየቁ ነው ዋናው እንጂ ሁሉም እንደ አክስቴ «ተወው» እንዲል መጠበቅም ሌላ ጫና ነው። የልጆች ነገር ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ልጅ ዛሬ እሺ ያለው ነገር አድጎ ሊያሳፍረው ይችላልና የታመመን ልጅ ፎቶ ለሕዝብ ከማሳየት መቆጠብ ይሻላል።

እንደ እኔ በማስታወቂያና በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ድርጅታችሁ ለበጎ አድራጎት ዘመቻ ፎቶ ሲያስነሣ «በፊት» የሚለውን ያለ ፊት፣ «በኋላ» የሚለውን በፈገግታ ማቅረብ የተለመደ ነው። ሰውየው በፊትም ፊት ነበረው። ፈቃድ ስትጠይቁ ፎቶው የት እንደሚለጠፍ፣ ማን እንደሚያየው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ ለአዊ እናት በአማርኛ የተጻፈ ቅጽ ላይ ጣት ማስነካት ፈቃድ አይባልም፣ አገውኛ የሚናገር ሰው ይኑር። ቤተሰቡም ይስማ፤ የፎቶው ወሬ የሚደርሰው ለእነሱም ጭምር ነው። ሐሳቡን ከቀየረ ደግሞ ማንን እንደሚጠራ ይወቅ።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለባለፎቶው ይሰጠው። በስልክ የተላከ ሳይሆን የታጠበ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መጠን ያለው፣ ከነክፈፉ። ግምጃ ቤት ላይ መስታወት የሚቆርጥ ሰው አይጠፋም።